የእማ የእግር አውራ ጣት

ጸሎተ ሐሙስ

«ካልሲዬን አላወልቅም» አለች። እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፤ ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ ተሰልፎ፣ ካህኑ ጎንበስ ብለው የሰዉን እግር በተራ እያጠቡ። የእኔ እናት እግሯን ቀሚሷ ሥር ሰብስባ፣ «የእኔን ተይው፣ አንቺ ታጠቢ» ትለኛለች። «ምነው እማ? በዓመት አንድ ቀን እኮ ነው» ብላት፣ «እኔ በልቤ ታጥቤያለሁ» አለች። ከኋላችን የነበሩት ሴቶች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የእርጅና ግትርነት መስሎኝ ነበር።

ከቁስቋም ቁልቁል ስንወርድ አረማመዷን አየሁት። በተረከዟ ነው የምትሄደው፣ ጣቶቿን መሬት ላለማስነካት። መቼ እንደጀመራት አላውቅም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ እየኖርን አላውቅም።

ቤት ገብተን በሩን ዘጋሁና ለመንኳት። እምቢ አለች። ተቆጣሁ። በመጨረሻ «እንግዲያ እዪው!» ብላ እግሯን ዘረጋችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ካልሲውን ስስበው ክሩ ጥፍሯ ላይ ተይዞ አልላቀቅ አለኝ።

ያየሁትን ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ አሳምሬ ነው የማስታውሰው።

የሁለቱ አውራ ጣቶች ጥፍር ወፍሮ፣ ቢጫ ሆኖ፣ እንደ ፍየል ቀንድ ወደ ጎን ዞሯል። የትንሿ ጣት ጥፍር ጎረቤቷን እየወጋ ጠባሳ አውጥቶባታል። በጣቶቿ መሃል ቆዳው ነጭ ሆኖ፣ ረጥቦ ተልጧል። ተረከዟ ተሰነጣጥቆ አንዱ ስንጥቅ ባቄላ ይደብቃል።

መቼ ነው እንዲህ የሆነው ብላት፣ ጎንበስ ማለት ካቃተኝ ወዲህ አለች። ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ «አንቺ ማኪናሽን ስትረግጪ ነው የምትውይ። መቼ ልንገርሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለፋሲካ ደግሞ ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ ከስፌት ማኪናዬ ላይ አልተነሣሁም። እኔ ገበያ ስወጣ ጠብቃ፣ በሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ጥፍሯን ትሞርደው እንደነበር ነገረችኝ። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት፣ እግሯን ድንጋይ ላይ እየፈገፈገች፣ እኔ ስመጣ ካልሲዋን አጥልቃ ቁጭ።

ሦስት ዓመት ሆነ ከአምባ ጊዮርጊስ ካመጣኋት። ወንድሜን አያ ሞላን ደጁ ላይ ተከራክሬ ነው የወሰድኳት። ስኳር አለባት፣ ሐኪም ያለው ከተማ ነው ብዬ። በየወሩ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ ክኒኗን እንቀበላለን። ሲስተሯ ደግሞ ነግራኛለች እኮ! «እግራቸውን በየቀኑ ይዩላቸው» ብላኛለች። እሺ ብያለሁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «እማ፣ እግርሽ እንዴት ነው?» እላታለሁ፤ «ደህና ነው» ትለኛለች፤ አለቀ። በጆሮዬ ነው ያየሁላት።

ስቅለት

ስንሰግድ ዋልን። እማ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ። እኔ ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው የሰው እግር ላይ ነው። ፊቴ ያለችው ሴትዮ ተረከዟ በጋ ላይ እንደ ደረቀ የሐምሌ ጭቃ ነው። በስተቀኝ ያሉት አሮጊት ጣታቸው ጣታቸው ላይ ወጥቷል። ስንት ዓመት እዚህ ቦታ ሰግጃለሁ፣ አንድ ቀን እግር አይቼ አላውቅም። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በስቅለት ቀን የሰው ጥፍር ስቆጥር ዋልኩ።

ማታ ሲያበቃ አባ ወይራቸውን ይዘው ጀርባዬን ጠብ ጠብ እያደረጉ ኃጢአቴን ጠየቁኝ። «እናቴን ረስቻለሁ» አልኳቸው። «በሕይወት አሉ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያ ሂጂና አስታውሻቸው። አርባ ስገጂ» አሉኝ። አርባውን ሰገድኩ። አርባ መስገድ ቀላል ነው።

ቅዳም ስዑር

ዛሬ ያደረግኩትን እግዜር ይቁጠርልኝ። ደህና ነገር የሠራሁ መስሎኛል፣ ግን እጄ ሲጽፍ ደስ አላለውም።

ጠዋት ሦስት ቀሚስ አስረከብኩ። ሽንኩርቱን ቁሌት ጣድኩ። ነገ አያ ሞላ ከሚስቱ ከብርቄ ጋር ይመጣል። ብርቄ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ ነው፤ ዓይኗ ደግሞ ከምላሷ ይቀድማል። የእማን እግር ካየች አለቀልኝ። አገር ምድሩ ፊት «እማን እንደ እንቁላል ነው የያዝኳት» ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። ስለዚህ ለእማ ብዬ ነው ያጠብኳት ብል ውሸት ነው። ለብርቄ ብዬ ነው።

ሙቅ ውሃ በገበታ ሳህን አድርጌ፣ ጨው ጨምሬ፣ እግሯን ዘፈዘፍኩት። ሞቀሽ ወይ ስላት «ምንም አይለኝም፣ ጨምሪበት» አለች። ጨመርኩበት። ሳወጣው ቆዳዋ እንደ በርበሬ ቀልቷል። እሷ ግን ወሬዋን ትቀጥላለች፣ ስለ ጎረቤታችን ላም።

ጥፍሩን በመቀስ ሞከርኩ፣ መቀሱ ተጣመመ። ጊዜ የለኝም፣ ቁሌቱ እየያዘብኝ ነው። ስፌት የምፈታበትን ምላጭ አነሣሁ። በዚያ ምላጭ ከሃያ ዓመት በላይ ክር ስፈታ ጨርቅ ቀድጄ አላውቅም፤ በእጄ ተመክቼ። ስምንቱ ሸጋ ሆነው ወጡ፣ ዘጠነኛውም ደህና። የቀኙ አውራ ጣት ግን ወደ ሥጋው ገብቶ ነበር። ጥጉ ይጠቀጥቃታል ብዬ፣ እንደ ኮሌታ ክብ ላደርገው ጥልቅ ብዬ ገባሁ። ቀጭ አለ። ተሰበረና ደም ፈሰሰ። ቀና ብዬ አየኋት። «ጨረስሽ?» አለችኝ። ያስደነገጠኝ ደሙ አይደለም። ይኸ ነው።

ልጆች ሳለን እሷ ታደርግልን እንደነበረው ቡና ዱቄት ጠቀጠቅኩበት። ከነጠላ ቁራጭ ቀድጄ አሰርኩት። ቆመ። ነጭ ካልሲ አጠለቅኩላት። እግሯን ወዲያ ወዲህ እያዞረች፣ «ሙሽራ አደረግሽኝ እኮ» ብላ ሳቀች።

ቁሌቱ ከሥር ያዘ።

ፋሲካ

እንኳን አደረሰሽ እናኑ፣ አልኩ ለራሴ። ዋሽተሽ ፈሰክሽ።

አያ ሞላ ገና ከመግባቱ፣ እማ ልትስመው ስትነሣ አነከሰች። «እማ ምነው ታነክሻለሽ?» አለ። አፌ ከእኔ ቀድሞ፣ «እንቅፋት መትቷት ነው፣ ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ» አለ። ማንም አላስገደደኝም። እውነቱን ብናገር የሚሆነው ነገር ምን ነበር? ብርቄ አንድ ሳምንት ታወራብኝ ነበር። ለአንድ ሳምንት ወሬ ብዬ ነው።

እማ አየችኝ። ከዚያ «አዎ፣ እንቅፋት ነው፣ ድንጋዩ ይሰበር» አለች። ሁለት ወር ሙሉ ጾማ፣ በትንሣኤው ቀን ለእኔ ብላ ዋሸች።

ብርቄ ይኸንንም አላለፈችው። «ከተማም ድንጋይ አለ እንዴ? ድንጋዩ ሁሉ እኛ አገር ወገራ ላይ የቀረ መስሎን!» አለች። ሁሉም ሳቀ። ከሁሉ የከፋው አያ ሞላ ነው። ጎረቤት በተሰበሰበበት ጠላውን ይዞ ተነሥቶ መረቀኝ። «እህቴ እማን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የያዘቻት፤ እግዜር ጧሪ አያሳጣሽ» አለኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል? አሜን አልኩ።

ሰኞ

ጠዋት ፈታሁት። ጣቷ አብጧል። ቡናው ደርቆ እንደ ቅርፊት ተጋግሯል፤ ከሥሩ ሽታ አለው። ተደበቅን፤ እኔና እማ ጓዳ ገብተን፣ እንደ ሌባ እያንሾካሾክን። አረቄ አፈሰስኩበት። ሌላ ሰው ቢሆን ጣራ ይነካ ነበር። እሷ «ሽታው መልካም ነው» ብላ ቀለደች።

ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነበረብን። አውቃለሁ። ግን እንግዶቼ የሚሄዱት በምሳ ሰዓት አውቶቡስ ነው፤ እማን ደግፌ ብወጣ ሊያዩኝ ነው። እስኪሄዱ ጠበቅኩ። እስኪሄዱ! አያ ሞላ ሲሰናበተኝ ግንባሬን ሳመኝ። ከሸኘኋቸው በኋላ ደግሞ አሁን ተረኛ ብቻ ነው የሚኖረው፣ ነገ ይሻላል አልኩ። ለራሴም መዋሸት ጀምሬአለሁ ማለት ነው።

ማክሰኞ

ጤና ጣቢያ ሄድን። ያችው የምታውቀን ሲስተር ናት። ጨርቁን ስትፈታ ፊቷ ተለወጠ። ቡናውን በጨው ውሃ እያራሰች ለቀም ለቀም አደረገችና፣ «እማማ፣ ቡና ለሲኒ ነው፤ ቁስል ቡና አይጠጣም» አለቻት። እማ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ምን ነካቸው አለችኝ።

እንቅፋት፣ አልኩ።

ሁለተኛ ጊዜ ነው። ያሁኑ ለብርቄ እንኳ አይደለም። ወንበሮቹ ላይ ሌሎች ሰዎች ተቀምጠዋል፤ «በምላጭ ቆረጥኳት» ማለት ከአፌ አልወጣ አለ።

ስኳሯን ለካች፣ ወጥቷል። ከዚያ ቀጭን ክር የመሰለ ነገር አምጥታ፣ «ዓይንዎን ጨፍነው፣ ሲነካዎት አዎ ይበሉ» አለቻት። እማ ጨፈነች። ውስጥ እግሯን ነካቻት፣ ዝም። ተረከዟን ነካቻት፣ ዝም። ትንሽ ቆይታ እማ «አዎ» አለች፣ በልበ ሙሉነት። ሲስተሯ «እማማ፣ አሁን እኮ አልነካሁዎትም» አለቻት። እማ አንድ ዓይኗን ገልጣ፣ «ታዲያ ምነው ዝም ትያለሽ፣ ሰው ይጨነቃል» አለች። ሳቅን። እኔ ስቄ ስጨርስ ማልቀስ አማረኝ። የሚሰማት እግር አይደለም ያላት። እኔ ደግሞ ውሃው ይሙቅ አይሙቅ እሷን ነበር የጠየቅኩት።

ሲስተሯ እየነገረችኝ በክኒኑ ወረቀት ጀርባ ጻፍኩ። እዚህ ልገልብጠው፦

ውሃ ለብ ያለ ብቻ። እኔ በክርኔ ልለካው፣ እሷ አይደለችም። መዘፍዘፍ የለም፤ አጥቦ ማውጣት።

በጣቶች መሃል በደረቅ ጨርቅ፣ በደንብ።

ቫዝሊን ተረከዝ ላይ። ጣት መሃል አይገባም።

ጫማ ከመልበሷ በፊት እጄን አስገብቼ መዳበስ፣ ጠጠር እንዳይኖር። ሰፋ ያለ ጫማ። ባዶ እግር ቤት ውስጥም የለም። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን በንጹሕ ካልሲ።

በየቀኑ ማየት። በዓይን!

ጥፍር ቀጥ ተደርጎ፣ በጥፍር መቁረጫ፤ ጫፉ በሞረድ። እንዲህ የወፈረ ጥፍር ደግሞ እዚያው ባለሙያ ይቆርጠዋል እንጂ ቤት አይነካም። ጥጉ አይገባበትም። ምላጭ በጭራሽ።

ምላጭ ስትል ወለሉን አየሁ። ንጹሕ ወለል ነው።

ረቡዕ

ለቁስሉ የሰጡን ክኒን ጠዋት፣ ክኒን ማታ። ጣቷ እንደዚያው። እግሯን ትራስ ላይ አድርጌ እሰፋለሁ እላለሁ፣ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃተኝ።

ለምን ውሸቴን ደገፍሽልኝ ብዬ ጠየቅኳት። «ልጄ አይደለሽ?» አለች። ከዚያ «ደግሞ ካልሲ አጥልቄ የደበቅኩሽ እኔ ነኝ። ያሳፍረኝ ነበር። እናት ልጇን ጥፍሬን ቁረጪልኝ ትላለች? እኔ ነኝ የአንቺን የቆረጥኩ» አለች። ይኸን ስትል ተቆጥታ ነው። እኔም መለስ ብዬ ተቆጣሁ። ተኳርፈን እራት በላን።

ሐሙስ

ቀኑ ከበደኝ።

ፋሻው ሲፈታ መግል። ቀይነቱ ከጣቷ አልፎ ወደ እግሯ ወጥቷል። ሲስተሯ ሄዳ ጤና መኮንኑን ጠራችው፣ ጠና ያለ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው። ጫን ጫን አደረገው። «እስከ ነገ ካልቀነሰ ወደ ሆስፒታል እንጽፋለን። አጥንት ከደረሰ ጣቱን…» አለና እማን አይቶ ተወው። ሳይጨርሰው ሁላችንም ሰማነው።

ከዚያ ወደ ቁስሉ ጎንበስ ብሎ፣ እንቅፋት እንዲህ አያደርግም፣ የሚያመረቅዘው ጥጉ ላይ ብቻ ነው፣ በእውነት እንቅፋት ነው ወይ አለ። የጠየቀው እኔን ነው። እማ ቀደመችኝ። «እንቅፋት ነው ልጄ፣ እኔ ነኝ የተመታሁ፣ እኔ አላውቅም?» አለችው። ሲስተሯ አየችኝ። ጤና መኮንኑ አየኝ። እኔ ዝም አልኩ። ሦስተኛ።

ባጃጅ ውስጥ እማ እጄን ያዘችኝ። «አሁን ጣት ምን ያደርግልኛል? አላርስ፣ አልጨፍር። ዘጠኝ ይበቃኛል» አለች። የባጃጁ ሹፌር በመስተዋት አየን። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

ልታጽናናኝ ነው ጣቷን የምትሰጠኝ።

ዓርብ

ሳይከፈት ደረስኩ። ብቻዬን ነበርኩ፣ እማን ተኝታ ትቻት። ሲስተሯ ገና ነጭ ካፖርቷን ሳትለብስ በሩ ላይ ያዝኳት። መጀመሪያ «እግዜር ያክብርሽ» ምናምን አልኩ። ከዚያ አንዴ ከፈትኩት፤ ምላጭ ነው፣ ስፌት የምፈታበት፣ ቅዳሜ፣ ጥጉን ገብቼ ነው የቆረጥኩት፣ ተሰበረ፣ የተሰበረውን አላየሁትም፣ በቡና ነው የሸፈንኩት።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «ይኸን ማክሰኞ ቢነግሩኝ…» አለችና ከንፈሯን ነከሰች። የነከሰችው ቃል ከስድብ ባሰብኝ። ከዚያ «ስባሪው ውስጥ ቀርቶ ይሆናላ! ይሂዱ ያምጧቸው፣ ቶሎ!» አለችኝ። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

እማን ይዣት ተመለስኩ። ጣቷን በማደንዘዣ ወጉት። ጤና መኮንኑ መብራት አስጠግቶ፣ የጥፍሩን ጠርዝ ከፍቶ ገባ። እኔ የእማን ራስ ይዤ። «አየሽ፣ አየሽ» አለ ለሲስተሯ፤ በወረንጦ አወጣው። ፋሻ ላይ አስቀምጦ አሳየኝ። የገብስ ገለባ ስንጣሪ ታክላለች። ጫፏ ሹል፣ ወደ ውስጥ ስትገባ የነበረች። ይኸች ናት ስድስት ቀን ሥጋዋን ስትበላ የከረመች፤ እኔም ስድስት ቀን አፌን ዘግቼ ያበላኋት።

እማ አንገቷን አስግጋ አየቻትና፣ «እቺ? ለእቺ ነው ይኸ ሁሉ?» አለች።

የቴታነስ መርፌም ወጓት፣ ምላጩ ዝገት ቢኖረው ብለው። ሲስተሯ ቀይነቱ ያበቃበትን ዙሪያውን በእስክሪብቶ ከበበችው፤ እኔ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንደማሰምረው። ከመስመሩ አልፎ ከወጣ በየትኛውም ሰዓት ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ውስጥ ከገባ ተመስገን አለችኝ። ስወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ፣ «ብዙ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። የሚነግረን ጥቂት ነው» አለች። ደግ ልጅ ናት። አልቀለለኝም።

ቅዳሜ

ማኪናውን ሸፈንኩት። መስመሩን አያለሁ፣ ሌላ ሥራ የለኝም።

ጠዋት፦ እመስመሩ ላይ።

እኩለ ቀን፦ እመስመሩ ላይ። እማ «አፍጥጠሽ አታስደንግጪው» አለችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት፦ መሰለኝ ወይስ ገባ አለ? መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። የስንዴ ፍሬ ያህል። በአንድ በኩል ብቻ።

ማታ፦ የስንዴ ፍሬ ያህል፣ በሁለት በኩል። ተመስገን አላልኩም፣ ቀይነቱ ሰምቶኝ እንዳይመለስ ፈራሁ።

ዳግማይ ትንሣኤ

መስመሩ ውስጥ ነው፣ አንድ ጣት ያህል ገብቷል። ስለዚህ ዛሬ ለአያ ሞላ መደወል አለብኝ አልኩ። እማ «በበዓል ሰው አታስከፊ፣ ዳነ አይደል?» አለች። አልዳነም ገና፤ ቢድንም ያ ምርቃት ጆሮዬ ላይ አለ።

ደወልኩ። ነገርኩት። ከወዲያ ላሞቹ ሲጮሁ ይሰማኛል። «ምላጭ?» አለ። ምላጭ አልኩ። «እኛ እቤትሽ ተቀምጠን?» አለ። አዎ አልኩ። «ቁሜ መረቅኩሽ እኮ፣ እናኑ» አለ። ይኸን ሲል ድምፁ አልጨከነም፣ ያ ነው የጎዳኝ። «ሐኪም አለ ብለሽ ከደጄ የወሰድሻት አንቺ ነሽ።» ነኝ አልኩ። ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን እሱ ይሁን አላውቅም።

ምሳ አልበላሁም።

አመሻሽ ላይ ስልኬ ጠራ፣ ብርቄ ናት። መጣብኝ አልኩ። ሚጥሚጣውን ጠበቅኩ። «ወንድምሽ በረት ገብቶ ከከብት ጋር ተቀምጧል፣ ተይው፣ ይወጣል» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም ልንገርሽ እንግዲህ። እማ እኔ ጋ እያለችም እግሯን አይቼላት አላውቅም። ማታ ማታ ውሃ አቀርብላት ነበር እንጂ እሷው ነበረች የምትታጠብ። ጥፍሯ ያኔም ወፍራም ነበር መሰለኝ። ምላሴን ታውቂዋለሽ፣ ይኸን ግን ለማንም አላወራም» አለች። እኔ ብርቄን ያን ያህል ዓመት ፈርቻት፣ አሁን በስልክ ሁለታችንም ስናለቅስ። «ደግሞ ያን ምላጭ ጣይው» አለችኝ። ጥዬዋለሁ አልኳት። እውነቴን ነው፣ ዓርብ ማታ ነው የጣልኩት።

አያ ሞላ አልደወለም።

ማክሰኞ

ፋሻው ተፈታ። ደርቋል። መግል የለም፣ ሽታ የለም። ጤና መኮንኑ ጫን አድርጎ፣ አጥንት አልነካም አለ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ግን እንዲህም አለ፤ ስኳሯ ካልወረደ መልሶ ሊከፈት ይችላል፣ ጥፍሩም ሲያድግ ምን መስሎ እንደሚያድግ አይታወቅም፣ ወራት ይፈጃል። እማ «እስከዚያ እኔም አለሁ» አለችው። «ይኑሩ እንጂ» አላት። የግራውንና የቀሩትን ጥፍሮች ሲስተሯ ራሷ በትልቅ መቁረጫ፣ ቀጥ ቀጥ አድርጋ አስተካከለቻቸው። ቆሜ አየሁ። የእጄን ሥራ ከእሷ ሥራ አጠገብ ማየት ደስ አይልም።

ወንድሜ ጠዋት ደውሎ ነበር፣ ለእማ። እኔን አልጠየቀም። እማ ስልኩን እየዘጋች፣ «እናኑንም ሰላም በያት ብሏል» አለች። ብሎ ይሆን? ወይስ ይኸም እንደ እንቅፋቱ ነው? አልጠየቅኳትም።

ከሰዓት በኋላ ማኪናዬን ልገልጥ ስነሣ፣ «ቁጭ በይ፣ ጫማሽን አውልቂ» አለችኝ። ምነው አልኩ። «አውልቂ።» መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ ወስዳ አደረገች። ለእሷ አይሆንም፣ ግን አደረገችው። እግሬን ጭኗ ላይ አውጥታ በጣቷ ትዳብሰው ጀመር፤ ጥፍሩን አንድ በአንድ፣ ተረከዙን። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ መርገጫ ላይ የሚውል እግር ነው። ምን እንደሚመስል እኔም በደንብ አላውቀውም። ልስበው አልኩ፣ አጥብቃ ያዘችው።

«የቀኝሽ ወፍሯል። እዚህ ጋ ደግሞ ቆስሎ የዳነ አለ። መቼ ነው?» አለችኝ። አላስታውስም አልኳት። እውነቴን ነው፣ አላስታውስም።

ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። «ይኸን እግር ገና ሽንብራ ሳያህል ነው የማውቀው። ሦስት ዓመት አንድ ጣራ ሥር፣ እኔስ መቼ አየሁት?» አለች። ለእኔ የተናገረችው አልመሰለኝም።

«እማ፣ አንቺ እንኳ ዓይንሽ…» ብዬ ጀመርኩ። «እጄ አለ አይደል» አለችኝ። ቫዝሊኑን አቀብዪኝ አለች። አቀበልኳት።